ውኃ የወሰደውን ሲፈልጉ የኖሩት የአቶ በዛብህ ሀብተማርያም የሕይወት ታሪክ

ዛሬ በቀራንዮ መድኃኔዓለም ቅጥር፣ ከልጃቸው መቃብር አጠገብ የምናሳርፋቸው አቶ በዛብህ ሀብተማርያም በ1914 ዓ.ም በሸዋ፣ በጅሩ ምድር ተወለዱ። አባታቸው መሪጌታ ሀብተማርያም ወልደጊዮርጊስ፣ እናታቸው ወይዘሮ አጸደ ጎበና ይባላሉ። አባታቸው ልጃቸው በድጓ እንዲተካቸው ይመኙ ስለነበር አቶ በዛብህ ፊደል ቆጥረው፣ ዳዊት ደግመው፣ ዜማ ጀምረው ነበር። ነገር ግን ጠላት አገራችንን በወረረ በሁለተኛው ዓመት መሪጌታ አረፉ። እህታቸው ቀደም ብለው ተድረው ነበርና፣ እናትና ልጅ የሚጦራቸው ቢያጡ ኮልፌ ካሉ ዘመዶቻቸው ዘንድ ሊጠጉ ወደ አዲስ አበባ መጡ።

በዚያው ዓመት አቶ በዛብህ ከአንድ ጣሊያን የብረት ሥራ ቤት ገቡ። መጀመሪያ የብረት ፍቅፋቂ ጠራጊ ነበሩ። ጣሊያኑ ጠላት ተባርሮ ሲወጣም እዚሁ የቀረ፣ ቁጡ ግን ሙያውን የማይደብቅ ሰው ነበርና፣ ብረት እያሽከረከረ የሚቀርጸውን ቶርኖ አስተማራቸው። ጅሩ ያሉ ዘመዶች ይህን ሲሰሙ «የመሪጌታ ልጅ ብረት ቀጥቃጭ ሆነ» ብለው አዘኑ፤ ለሠርግ ለተዝካርም መጥራት ተዉአቸው። አቶ በዛብህ በገዛ እጃቸው ከነሐስ የሠሩትን የመጀመሪያ ሙቀጫ ለእናታቸው ወሰዱላቸው። ወይዘሮ አጸደም እስከ ዕለተ ሞታቸው በሌላ ሙቀጫ አልወቀጡም።

በ1940 ዓ.ም ከወይዘሮ ዘመነች ይመኑ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋቡ። በተከታዩ ዓመት የበኩር ልጃቸውን ውብሸትን ወለዱ። ከእሱ በኋላ የተወለዱት ሁለት ሕፃናት በአንድ ክረምት በኩፍኝ ተወሰዱ። ከዚያ በ1946 ዓ.ም እሙ እያልን የምንጠራት እማዋይሽ ተወለደች። ጣሊያኑ ወደ አገሩ ሲመለስ አሮጌውን ቶርኖ ለአቶ በዛብህ ትቶላቸው ስለነበር፣ በ1947 ዓ.ም ኮልፌ ዋናው መንገድ ዳር በቆርቆሮ የተሠራች የራሳቸውን ሥራ ቤት ከፈቱ። የወፍጮ ዘንግ፣ የውኃ መሳቢያ ክፍል፣ የጋሪ ኩሽኔታ ይሠሩ ነበር። ብረቱን የሚያቀርቡላቸው ምናለሽ ተራ አሮጌ ብረት የሚነግዱት ጎረቤታቸው አቶ ሰይፈዲን ሸምሱ ነበሩ። ሁለቱ ሰዎች በሃይማኖት ባይገናኙም፣ ዓመት በዓል ሲመጣ አንዱ ሌላውን ሳይጠራ የዋለበት ጊዜ የለም።

የአቶ በዛብህን ሕይወት የለወጠው ሥራ የመጣው በ1957 ዓ.ም ነው። ሙሴ ሃይጋዝ የሚባሉ፣ እዚሁ ተወልደው ያደጉ አርመናዊ የሰዓት ሠሪ፣ ክንድ የሚያህል ቀጭን የተጣመመ ብረት በጨርቅ ጠቅልለው ወደ ሥራ ቤቱ ገቡ። ብረቱ በሬዲዮ ከሩቅ የምትታዘዝ ትንሽ ጀልባ ዘንግ ነበር። ሰው የማይሳፈርባት፣ ሕፃን አልጋ የምታህል ጀልባ ናት፤ በውስጧ ባትሪና ሞተር አላት፤ ባለቤቷ ዳር ቆሞ በእጁ በያዘው ሬዲዮ ይመራታል። ዘንጉ የሞተሩን ጉልበት ከጀልባዋ ሆድ ተቀብሎ፣ በነሐስ ቱቦ ውስጥ አልፎ፣ ከኋላ ውኃ ውስጥ ያለውን መቅዘፊያ ያዞራል። እሱ ካልዞረ ጀልባዋ ዕቃ ናት። ሙሴ ሃይጋዝ ከውጭ አገር ጽፈው ቢለምኑም ምትክ አላገኙም ነበር።

አቶ በዛብህ አይተውት የማያውቁትን ነገር ሠሩ። ቱቦው ለዘንጉ ከጠበበ ሞተሩን ያቃጥላል፤ ከሰፋ ደግሞ ውኃ ሽቅብ ያስገባና ጀልባዋን ያሰምጣል። እሳቸው በሁለቱ ጫፍ የነሐስ ቀለበት ከትተው፣ መሐሉን በግራሶ ሞልተው፣ በጣት ሲነኩት ድምፅ ሳያሰማ እንዲዞር አደረጉት። ሙሴ ሃይጋዝ በደስታ ለወዳጆቻቸው ነገሩ። ከዚያ በኋላ እሑድ እሑድ ገፈርሳ ግድብ ዳር ጀልባ የሚያንሳፍፉት ሰዎች ሁሉ፣ መምህሩም፣ የኤምባሲው ጸሐፊም፣ የአየር መንገዱ ቴክኒሺያንም፣ ዘንጋቸውን ኮልፌ ማሠራት ጀመሩ። ጨዋታው ባበቃ ቁጥር ዘንጉ ተስቦ እንዲወጣ፣ ዝገት እንዳለው እንዲታይ፣ ተጠርጎ አዲስ ግራሶ እንዲቀባ አቶ በዛብህ ደጋግመው ያሳስቧቸው ነበር።

ውብሸት በዚያ ጊዜ በሙያ ትምህርት ቤት የሬዲዮ ጥገና ጀምሮ ነበር። አባትና ልጅ ተማክረው የራሳቸውን ጀልባ ከዋንዛ እንጨት ሠሩ፤ ዘንጉ የአባት፣ ሬዲዮው የልጅ ሥራ ነበር። ውብሸት በጎኗ ላይ በነጭ ቀለም «ዘመነች» ብሎ የእናቱን ስም ጻፈባት። ወይዘሮ ዘመነች በስሜ በቅሎ እንኳ የሰየመልኝ የለም ብለው ስቀው ነበር። እኛ ዘመዶቻቸው አቶ በዛብህን እንደዚያ ዘመን ተደስተው አይተናቸው አናውቅም።

በ1962 ዓ.ም በጥቅምት ወር፣ በአንድ እሑድ፣ አባትና ልጅ እንደልማዳቸው አስኮን አልፈው ገፈርሳ ወረዱ። ክረምቱ ከበድ ብሎ ስለነበር የውኃው ሣር በዝቷል። «ዘመነች» ከግድቡ መሐል ስትደርስ ቆመች። ሣሩ ከመቅዘፊያው ሥር ተጠምጥሞ ዘንጉን አንቆት ነበር። ነፋሱ ቀስ እያለ ይገፋት ጀመር። ውብሸት ጫማውን ሲያወልቅ አባቱ ክንዱን ያዙት።

«ተዋት ልጄ። ነፋሱ ራሱ ወደ ዳር ያመጣታል።»

«ውኃው ወደሚፈስበት በኩል ከሄደች ትሰበራለች፤ ደርሼ እመጣለሁ፣ አባባ» አለና ገባ። ዋና ያውቅ ነበር። ጀልባዋ ድረስ ሄዶ እጁን ከፍ አድርጎ አሳያቸው። ሲመለስ ግን ከወገቡ በታች የያዘው ነገር ያለ ይመስል ከመንገዱ መሐል ላይ ቆመ፤ ደግሞ ታየ፤ ከዚያ አልታየም። የገፈርሳ ውኃ በዚያ ወር እንደ በረዶ ይቆረጥማል፤ ሣሩም ገመድ ነው። አቶ በዛብህ ዋና የማያውቁ ሰው ከነልብሳቸው እስከ አንገታቸው ገቡ። የግድቡ ዘበኛ አቶ ቡልቻ በሸሚዛቸው ጎትተው ባያወጧቸው ኖሮ ያን ዕለት ሁለት ሰው እናጣ ነበር።

ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ጀልባዋን፣ እሳቸው እንዳሉት፣ ነፋስ ገፍቶ ብቻዋን ከእግራቸው ሥር አደረሳት።

የግድቡ ጥበቃ ጀልባ ታችዋ በስብሶ ዳር ላይ ተገልብጣ ነበር። በየዳሩ በረጅም እንጨት ተፈለገ፤ ዋናተኞችም መጡ፤ ጥልቁና ሣሩ ግን ለሰው የሚቻል አልሆነም። ራሱ ይንሳፈፋል፣ ጠብቁ ተባለ። ተጠበቀ፤ አልተንሳፈፈም። ኮልፌ የእድሩ ድንኳን ተተክሎ ሰው ተሰብስቧል፤ ወይዘሮ ዘመነች ግን ድንኳኑ ውስጥ አልገቡም። ማቅ አልለበሱም፤ አላለቀሱም። ሴቶቹ ደረት ሲመቱ «ዝም በሉ፤ ልጄ ገና ቤቱ አልገባም» ይሉ ነበር። የገፈርሳ ውኃ በቧንቧ የሚመጣው ወደ ኮልፌ ነውና፣ ከቧንቧው የተቀዳ አንድ ብርጭቆ ውኃ እንኳ ከከንፈራቸው አላስጠጉም። እሙ ከሩቅ ምንጭ እየቀዳች ታመጣላቸው ነበር።

አቶ በዛብህ በዚህ ጊዜ ከድንኳኑ ተነሥተው ወደ ሥራ ቤታቸው ሄዱ። «ዘመነች»ን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው የታነቀውን ዘንግ ሳቡት። ሰውም «በሐዘን አእምሮውን ሳተ» አለ። እሳቸው ያሰቡት ግን ይህ ነበር፦ ሰው ሊደርስበት ያልቻለው መሐል ላይ ጀልባዋ ትደርሳለች፤ ከኋላዋ ሌላው ጫፉ ዳር የተያዘ ገመድና መንጠቆ ከጎተተች የውኃውን ወለል ታበጥራለች። ለዚህ ግን ያ ቀጭን ዘንግ አይበቃም።

አቶ ሰይፈዲን ሱቃቸውን ዘግተው ባለ ሦስት ጣት መንጠቆና ጠንካራ ብረት ይዘው መጡ። ሙሴ ሃይጋዝ ከራሳቸው ጀልባ ትልቁን ሞተር ነቅለው አመጡ። ሦስቱ ሰዎች ገፈርሳ ዳር ከአንድ የባሕር ዛፍ ጉቶ ላይ ብረት ነክሶ የሚይዝ ሞርሳ አሰሩ፤ የተሰበረውን እዚያው ለማቅናት ነው።

የመጀመሪያው ዘንግ መንጠቆው ሣር ሲይዝ እንደ ተጨመቀ ልብስ ተጠመዘዘ። አቶ በዛብህ ወፍራም ሠሩ፤ ወፍራሙ ሞተሩን አከበደውና ጢስ አስነሣ። እንደገና ኮልፌ ተመልሰው፣ በቤት ባኞ ውኃ ሞልተው እየሞከሩ፣ መሐሉ ቀጠን ያለ፣ ሁለቱ ጫፍ ግን የወፈረ ዘንግ ቀረጹ። ያኛው ዞረ፤ ነገር ግን ያው ሣር መጥቶ ያው ቦታ ላይ ተጠመጠመበት። አቶ በዛብህ ጉቶው ሥር ተቀምጠው ሣሩን ከዘንጉ ላይ በጣታቸው ሲፈቱ፣ አቶ ሰይፈዲን ይብቃን ሊሏቸው አስበው ፊታቸውን ሲያዩ ተዉት። ልጃቸውን ያሰናከለው ሣር አሁን በእጃቸው ነበር።

በዚህ መሐል ከውኃ መሥሪያ ቤት አንድ ሹም መጡ። ግድቡ የከተማው መጠጥ ውኃ ነውና መንጠቆ መጎተቱ ይቁም፣ ሰዎቹም ይነሡ አሉ። አቶ ቡልቻም እንዲህ ያለ ነገር በመፍቀዳቸው ከሥራ እንደሚሰናበቱ ተነገራቸው። ወይዘሮ ዘመነች ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ግድቡ መጥተው ነበር። ነጠላቸውን አስተካክለው ከሹሙ ፊት ቆሙ።

«ጌታዬ፣ ይህን ውኃ አገሩ ሁሉ በየቧንቧው ይጠጣል። ልጄ እዚህ ውስጥ ነው። እኔ ውኃ መጠጣት አቅቶኛል። ወይ ልጄን ስጡኝ፤ ወይ የሚፈልገውን አባቱን ተዉልኝ።»

ሹሙ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ዞረው ወደ መኪናቸው ሄዱ፤ ሁለተኛም አልመጡም። አቶ ቡልቻም በሥራቸው ቆዩ።

አቶ በዛብህ ከዚያ በኋላ የሠሩት ነው ነገሩን የለወጠው። ሣሩ የሚገባው በመቅዘፊያውና በቱቦው አፍ መካከል ባለችው ክፍተት መሆኑን አይተው፣ ክፍተቷን በነሐስ ቀለበት ሞሉ። የቀለበቱን ጠርዝ በሞረድ አሾሉት፤ ሊጠመጠም የመጣው ሣር በዘንጉ ዙር ራሱ እየተቆረጠ እንዲወድቅ ነው። የሙሴ ሃይጋዝ ዓይን ከውኃው ነጸብራቅ ደክሞ ስለነበር ሬዲዮውን እሙ ተቀበለች። ወንድሟ ሲመራ ከአጠገቡ ሳትለይ ታይ ነበርና እጇ አልተቸገረም። ጀልባዋ እርሻ እንደሚያርስ በሬ ሄዳ ትመለሳለች፣ አለፍ ብላ ደግሞ ትሄዳለች። ሲመሽ አቶ በዛብህ ዘንጉን አውጥተው ይጠርጋሉ፤ ግራሶ ይቀባሉ፤ ይመልሳሉ። ሲነጋ እንደገና።

በኅዳር ወር መጀመሪያ በአንድ ጧት ገመዱ ተወጠረ። ጀልባዋ ባለችበት ቆመች፤ ዘንጉ ግን መዞሩን አላቆመም፤ ከኋላዋ አረፋው ይታይ ነበር። አቶ በዛብህ ገመዱን በመዳፋቸው ያዙ። ሣር ሲሆን ይንቀጠቀጣል፤ ይህ አልተንቀጠቀጠም።

«እሙ፣ አጥፊው። አሁን ወደ እናትሽ ሂጂ» አሉ።

ከዚያ እሳቸው፣ አቶ ሰይፈዲንና አቶ ቡልቻ ገመዱን ሳቡ። አቶ ሰይፈዲን ካፖርታቸውን አውልቀው አለበሱት። ውብሸት በማግሥቱ እዚህ ቀራንዮ መድኃኔዓለም ተቀበረ። ወይዘሮ ዘመነችም ያን ዕለት አለቀሱ፤ ልቅሷቸው ሰፈሩን አናወጠው። ማታ ከቧንቧው ውኃ ቀድተው ጠጡ።

የአቶ በዛብህ ሐዘን ግን ያኔ ጀመረ። ልጃቸውን እስኪያገኙ የያዛቸው ጉልበት ሲለቃቸው ሌላ ሰው ሆኑ። ቀለበቱን ቀድመው አስበውት ቢሆን ኖሮ ልጃቸው በሕይወት እንደሚኖር ነበር የሚያምኑት። የንስሐ አባታቸው ብዙ መከሯቸው፤ አልሰሙም። «ዘመነች»ን በጨርቅ ጠቅልለው ከሥራ ቤቱ ጣራ ሥር ሰቀሏት። የወፍጮ ሥራ ሲመጣ ይሠራሉ፤ የጀልባ ዘንግ የያዘ ሰው ከደጅ ሲያዩ ግን በጓሮ በር ይወጣሉ። ሙሴ ሃይጋዝም ከዚያ በኋላ ወደ ገፈርሳ አልሄዱም። አቶ በዛብህ የሚበሉት ለሰው ይሉኝታ ብለው ነበር፤ የሚናገሩት ሲጠየቁ ብቻ። ወይዘሮ ዘመነች በእነዚያ ዓመታት ባላቸውን ደግሞ በቁማቸው ሊቀብሩ መስሏቸው እንደነበር ነግረውናል።

በ1964 ዓ.ም በበጋ የኮልፌው እህል ነጋዴ አቶ ሀያቱ አሮጊት እናታቸውን ይዘው መጡ። ታናሽ ወንድማቸው ረሻድ ቢሾፍቱ ሐይቅ ገብቶ አልወጣም ነበር። የገፈርሳውን ነገር ከአቶ ሰይፈዲን ሰምተዋል። አቶ በዛብህ ሳይቀመጡ መለሱላቸው።

«እኔ ከውኃ ሰው የማወጣ አይደለሁም፤ የማስገባ ነኝ። ሌላ ሰው ፈልጉ።»

አሮጊቷ ከደጁ መቀመጫ ላይ ተቀመጡ። ወይዘሮ ዘመነች ከቤት ወጥተው አይዋቸው። ከዚያ ወደ ሥራ ቤቱ ገብተው፣ ወንበር ላይ ቆመው፣ ጀልባዋን ከጣራው ሥር አወረዱና ባላቸው ፊት አስቀመጧት።

«ውብሸትን ውኃው ነው የወሰደው» አሏቸው። «እርስዎ ነዎት የመለሱልኝ። እኔ ልጄ ያለበትን አውቃለሁ። እኚህ እናት አያውቁም።»

አቶ በዛብህ ልጃቸው ከሞተ ጀምሮ ያላፈሰሱትን እንባ ያን ጊዜ አፈሰሱ። ሲበቃቸው ተነሥተው ጨርቁን ፈቱ፤ ዘንጉን ሳቡት። ዝጎ ነበር። በማግሥቱ አዲስ ዘንግ ተገጥሞላት ከእሙና ከአቶ ሰይፈዲን ጋር ቢሾፍቱ ሄዱ። ረሻድ ተገኘ፤ በእምነቱ ሥርዓትም ተቀበረ። እናትየው የአቶ በዛብህን እጅ ስመው መረቋቸው፤ ምርቃቱ በስልጥኛ ስለነበር አቶ ሰይፈዲን ተረጎሙላቸው።

ከዚያ በኋላ ቤታቸው ሰው የጠፋበት ሰው የሚመጣበት ቤት ሆነ። ከአቃቂ፣ ከአዋሽ ዳር፣ ከዝዋይ መጡባቸው። ሰይቼንቶ በምትባለው ትንሽ መኪና ጣራ ላይ ጀልባዋን አስረው፣ አንዳንዴም በእህል መኪና ተጭነው ይሄዱ ነበር። ለየውኃው ሌላ ዘንግ ነበራቸው፤ ለጭቃማው አጭር፣ ሣር ላለበት ባለ ስለት፣ አሸዋ ላለበት ደግሞ ቀለበቱ ቶሎ ስለሚበላ ምትክ ያለው። ሲመለሱ እጃቸውን ሳይታጠቡ ዘንጉን ያጸዳሉ። ይህን ሥራ ለማንም አይሰጡም ነበር፤ በኋላ ለእሙ ብቻ ሰጡ።

ሁሉም ግን አልተገኘም። ይህንንም መሸሸግ እሳቸው አይወዱም ነበር። በ1965 ዓ.ም በቆቃ ሐይቅ የአንዲት እናት ልጅ ሲፈለግ፣ ውኃው ሰፊ ነውና ዘንግ በዘንግ ላይ ተሰበረ፤ ሞተሩም ተቃጠለ። ዕቃቸውን ሲሰበስቡ ሴትዮዋ «እርስዎም ትተውኝ ሊሄዱ ነው?» አሏቸው። አቶ በዛብህ የተሸከሙትን መልሰው አወረዱ። በሌሊቱ ቀዝቃዛ ነፋስና በእርጥቡ መሬት ላይ ከአቅማቸው በላይ ቆዩ፤ ልጁ ግን አልተገኘም። እሙ አባቷን አቅፋ መኪና ላይ ያወጣቻቸው እየተንቀጠቀጡ ነበር። የእኚያ እናት ቃል ከጆሯቸው አልወጣም፤ በእንቅልፍ ልባቸው እንኳ «አልሄድኩም» ሲሉ ይሰሙ ነበር።

ሳሉ የጀመራቸው ከዚያ ወዲህ ነው። በዚህ ዓመት ከጥር ወር በኋላ ሳሉ ደም ቀላቀለ። ሐኪም ቤት ገብተው ታከሙ፤ ሳንባቸው እንደተጎዳና መድኃኒቱ ዘግይቶ እንደደረሰ ተነገረን። ወደ ቤታቸው ተመልሰው፣ አልጋቸው ከሥራ ቤቱ ጋር በሚያዋስነው ግድግዳ በኩል እንዲዘረጋ ጠየቁ።

በሰኔ መጨረሻ ሸዋገነት የምትባል የአቃቂ ሴት እያለቀሰች መጣች። አንድ ልጇን የወንዝ ሙላት ወስዶ አባ ሳሙኤል ሐይቅ ከትቶታል። አቶ በዛብህ ከአልጋቸው ሊነሡ ሞከሩ፤ እግራቸው አልታዘዘላቸውም፤ ወደቁ። ስናነሣቸው ያለቀሱት ስለ ራሳቸው አልነበረም። በዚያ ቀን እሙ ጀልባዋን ይዛ ከአቶ ሰይፈዲን ጋር ሄደች።

ጥቂት ቀናት ቆይታ ጭቃ በጭቃ ሆና ተመለሰች። አባቷ አንገታቸውን ቀና አድርገው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ።

«ተገኘ?»

«አልተገኘም፣ አባባ። ውኃው ደፍርሷል፤ ግንድ ያመጣል። ዘንጉም ተጣመመ።»

የተጣመመውን ዘንግ አስመጥተው በጣታቸው ዳሰሱት። የት ላይ እንደተሸነፈ አሳዩአት፤ እዚያ ላይ አወፍሪው፣ ቀለበቱን አርቂው አሏት። እሙ ሥራ ቤት ገብታ ቶርኖውን አስነሣች። አቶ በዛብህ ዓይናቸውን ጨፍነው በግድግዳው ማዶ የሚሰማውን የብረት ድምፅ ያደምጡ ነበር። አንድ ጊዜ ድምፁ ሲሻክር «ቀስ ይበል» አሉ፤ ሳትሰማቸው ራሷ ቀስ አለች። ስትጨርስ አመጣችላቸው። በጣታቸው መካከል አሽከረከሩት፤ ተስማማቸው።

«አሁን ሂጂ» አሏት። «ሴትዮዋን ብቻዋን አትተዪአት።»

እሙ የአባቷን ጉልበት ስማ ወጣች። እንደማይተያዩ ሁለቱም ያወቁ ይመስለናል።

አቶ በዛብህ ሀብተማርያም ሐምሌ 11 ቀን 1966 ዓ.ም ጧት፣ ባለቤታቸው ግንባራቸውን በእርጥብ ጨርቅ ሲያብሱላቸው፣ በተወለዱ በሃምሳ ሁለት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ።

ባለቤታቸው ወይዘሮ ዘመነች ይመኑ፣ ልጃቸው እማዋይሽ በዛብህ፣ የእህታቸው ልጆችና እንደ ወንድም የኖሯቸው አቶ ሰይፈዲን ሸምሱ ከእሳቸው በኋላ ቀርተዋል። ልጃቸው እማዋይሽ ግን ዛሬ ከዚህ ቀብር ላይ የለችም፤ ለምን እንደሌለች የምትጠይቁን አላችሁና እንናገራለን። መርዶው ትናንት አባ ሳሙኤል ድረስ ተልኮላት ነበር። እናቷ ከመርዶው ጋር ይህን ቃል አብረው ልከዋል፦ «አባትሽ የሚቀብረው አገር ሙሉ ሰው አለው። ያንን ልጅ ግን ካንቺ በቀር የሚፈልገው የለም። ሳታገኚው አትምጪ።» ይህ ጽሑፍ በሚነበብበት በዚህ ሰዓት እማዋይሽ ዝናብ ላይ ቆማ፣ በአባቷ ዘንግ፣ የሰው ልጅ እየፈለገች ነው።

ድካምና ክረምት ሳትሉ፣ በዚህ ጭቃ ላይ አብራችሁን የቆማችሁ ሁሉ ብድራችሁን እግዚአብሔር ይመልስላችሁ። የጠፋውን ፈልጎ የሚያገኝ መድኃኔዓለም የአገልጋዩን የአቶ በዛብህን ነፍስ በእጁ ይቀበልልን፤ ከልጃቸው ጋርም ያገናኛቸው። አሜን።